ወገብ ሲታጠፍ ለማን?

ጡረተኛ፦ ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ላሉ ልጆች በሳምንት ሦስት ቀን፣ አሥር አሥር ደቂቃ ዮጋ። መጀመሪያ ያሳቀኝን ልንገርሽ፤ አትቀየሚኝ። «ጥልቅ ትንፋሽ» የሚል አለበት። በሳሪስ አቦ! የደብረ ዘይት መንገድ የከባድ መኪና ጭስ በአንድ በኩል፣ አቧራው በሌላ በኩል። ልጆቹ ቆጠብ አድርገው ቢተነፍሱ አይሻላቸውም?

መምህርት፦ ጋሼ፣ ጭሱ ሲሮጡም አይቀርላቸውም፤ እንዲያውም አብዝተው ይስቡታል። እኔ ያሰብኩት ክፍል ውስጥ፣ ዴስካቸው አጠገብ ቆመው የሚሠሩትን ነው። ክንድ መዘርጋት፣ ጀርባ ማቃናት፣ በአንድ እግር መቆም፣ ዓይን ጨፍኖ ትንፋሽ መቁጠር። ከዚያ ወደ ሒሳባቸው።

ጡረተኛ፦ ይኼንንማ እኛም ጠዋት ሰልፍ ላይ እንሠራው ነበር። ባንዲራ ከመሰቀሉ በፊት ክንድ ወደ ፊት፣ ክንድ ወደ ጎን። በደርግ ጊዜ ደግሞ ማስ ስፖርት ተብሎ የፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ ሜዳ ወጥቶ ይዘል ነበር። ዮጋ ያለው ሰው አልነበረም። ይኼን ስም ለምን አመጣሽው?

መምህርት፦ ዓለም የሚያውቀው በዚህ ስም ስለሆነ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በፈረንጅ 2014 ላይ፣ በኛ ሰኔ 14 የሚውለውን ቀን የዓለም የዮጋ ቀን ብሎ ሰይሞታል። እዚህ አዲስ አበባም የሕንድ ኤምባሲ ያከብረዋል። ቦሌ አካባቢ ከፍለው የሚሠሩም አሉ። የቦሌ ሰው ከፍሎ የሚያገኘውን የሳሪስ ልጅ በነጻ ቢያገኝ ምን ነውር አለው?

ጡረተኛ፦ ነውርስ የለውም። ግን ቦሌ የሚከፍለው ጎልማሳ ነው፤ ወዶ ይገባል፣ ካልጣመው ይወጣል። የሰባት ዓመት ልጅ ከክፍል ተነሥቶ መውጣት አይችልም። መምህሯ «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ካለችው ይጨፍናል።

እናት፦ ጨፍኖም አይቀር፤ እቤት መጥቶ እኔንም ጨፍኚ ይለኛል።

መምህርት፦ እሱስ ቢሆን እትዬ፣ መልካም አይደል?

እናት፦ ምንነቱን ሳላውቅ መልካም ልበለው?

ጡረተኛ፦ ልጆቹ ምን ጎደላቸው ብባል እኔ ዮጋን ከመጥራቴ በፊት ብዙ ነገር እጠራለሁ። ቤታቸው ፈርሶ፣ ጎረቤትና ጓደኛ ትተው ከሌላ ሰፈር የመጡ አሉ። ጦርነት ሸሽተው ዘመድ ቤት የተጠጉ አሉ። አባታቸው ከሥራ የተቀነሰባቸው አሉ። ማስመሪያ ይዞ ክፍል የሚገባ መምህርም አለ፤ ልጅ መደንገጥን የሚማረው ከሱ ነው። ይኼ ሁሉ ቁጭ ብሎ «ተንፍሱ» ማለት የተራበን ሰው አፍህን ታጠብ እንደ ማለት አይሆንም?

መምህርት፦ ረሃቡን እንኳ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ምገባ አቃሎልናል፤ ቁርስና ምሳ እዚሁ ይበላሉ። የፈረሰውን ቤት እኔ አልሠራላቸውም። ማስመሪያውን ግን አልይዝም፤ ከሚይዙት ጋርም እከራከራለሁ። እኔ እጅ ላይ ያለው አርባ ደቂቃ ነው። የስድስተኛ ክፍል ፈተና ዕለት እጁ እየተንቀጠቀጠ እርሳሱን ደጋግሞ የሚጥል ልጅ አይቻለሁ። «አይዞህ፣ አትፍራ» ይባላል። ፍርሃት ሲመጣ በእጁ፣ በደረቱ፣ በትንፋሹ ምን እንደሚያደርግ ያሳየው ሰው ግን የለም።

ጡረተኛ፦ እዚህ ላይ አዳምጬሻለሁ። ታዲያ ይሠራል? የሞከሩት ምን አገኙ?

መምህርት፦ በትምህርት ቤት ዮጋ ላይ የተሠሩት ጥናቶች በአብዛኛው ትንንሽ ናቸው። ጥቅም አየን የሚሉ አሉ፤ ልዩነት አጣን የሚሉም አሉ።

ጡረተኛ፦ ትንንሹን ተዪው፤ ትልቁን ልንገርሽ። እንግሊዞች ሞክረውታል። ራሱ ዮጋ አይደለም፣ ግን የአጎቱ ልጅ ነው፤ ተማሪው ቁጭ ብሎ ሐሳቡንና ትንፋሹን እንዲያስተውል የሚያሠለጥን። ከ80 በላይ ትምህርት ቤት፣ ከ8,000 በላይ ተማሪ ገባበት። ውጤቱ በ2022 ሲወጣ፣ ቀድሞ ይሰጥ ከነበረው ትምህርት የበለጠ ነገር አላመጣም።

መምህርት፦ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ያ ከ11 እስከ 14 ዓመት ለሆናቸው የተሰጠ ነው፤ የኔዎቹ ጥርሳቸውን ገና እየቀየሩ ያሉ ናቸው። ደግሞም ቁጭ ብለው ነው የተማሩት፣ የኔ በእንቅስቃሴ ነው። ያው ጥናት ሌላም ነገር አይቷል፤ የመምህራኑ መታከት ለጊዜውም ቢሆን ቀንሷል።

ጡረተኛ፦ እንግዲያው ዮጋው ለእናንተ ይሁን! በስብሰባ ላይ ቀድሜ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ።

መምህርት፦ ይሳቁ ጋሼ፤ ያልታከተ መምህር ማስመሪያ አያነሣም።

ጡረተኛ፦ ይቺ መልስ ናት። እሺ፣ ወደ ሌላው ልለፍ። የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በፕሮግራሙ ላይ አለ። ምን ይሠራበታል? ፈተና ሲቃረብ ሒሳብ ይበላዋል። ሲዘንብ ልጆቹ ተቀምጠው ስለ መረብ ኳስ ማስታወሻ ይገለብጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። ያንቺ አሥር ደቂቃ ላብ አያወጣም። የምፈራው ምን መሰለሽ? ነገ አስተዳደሩ «ዮጋ ጀምረናል» ብሎ ሪፖርት ይጽፍና የቀረችው ሜዳ ላይ ብሎኬት ይደረድራል።

መምህርት፦ ሜዳዋንማ ያውቋታል። ጠዋት ሰልፍ ሲቆሙ ትከሻ ለትከሻ ነው። ኳስ ከወጣ ጥቂት ወንዶች ይይዙትና ሴቶቹ ግድግዳ ተጠግተው ሱዚ ይዘላሉ፤ ከነሱም ተራ የማይደርሳት አለች። ክብደቱ ከበድ ያለ ልጅ «አትችልም» ተብሎ ቦርሳ ጠባቂ ይሆናል። የኔ ነገር ዴስክ አጠገብ አንድ እርምጃ ቦታ ይበቃዋል። የሚሮጠውም የማይሮጠውም፣ አንድ እግሩ የማይታዘዝለትም አብሮ ይሠራል። አንደኛ ወጣ፣ መጨረሻ ወጣ የሚባል የለበትም።

እናት፦ ሴቶቹ ጉርድ ቀሚስ ነው የሚለብሱት። እግር ማንሣቱስ?

መምህርት፦ እግር ወደ ላይ አይነሣም እትዬ። አንዱን እግር ሌላው ቁርጭምጭሚት ላይ አስደግፎ መቆም ነው፤ እንደ ዛፍ። መሬት መተኛትም የለም፤ ምንጣፍ የሚገዛ ገንዘብም የለንም። ቁርስ በልተው ወዲያው መታጠፍ ስለማይስማማቸው ሰዓቱን ከምሳ በፊት ያደረግኩት አስቤበት ነው።

እናት፦ የአንበሳ የሚባልም አለ ብለውኛል። ምላስ ማውጣት ያለበት።

መምህርት፦ አለ። ፊት ለማፍታታት ነው።

እናት፦ ልጄ አያቷ ፊት ምላሷን ብታወጣ «መምህሬ ናት ያስተማረችኝ» ነው የምትለው። ማን ሊመልስልኝ ነው?

መምህርት፦ እሱን ሰርዤዋለሁ።

ጡረተኛ፦ እስካሁን ስለ ቦታና ስለ ሰዓት ነው ያወራነው። ዋናውን እናንሣው። ይኼ ሰፈር የሚጠራው በአቦ ነው። ወር በገባ በ5 ነጠላውን አጣፍቶ ወደ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የሚጎርፈውን ሕዝብ ታውቂዋለሽ። ከዚያው ሰፈር አዛን ሰምቶ የሚነሣም አለ። ዮጋ ደግሞ ሥሩ ከሂንዱ እምነት ጋር የተሳሰረ ነው። የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በ2020 ከክርስትና እምነት ጋር ጨርሶ አይሄድም ብሎ መግለጫ አውጥቷል። የማሌዥያ የፈትዋ ምክር ቤት በ2008 ለሙስሊም ከልክሎታል። እነዚህ ሳሪስን አያውቋትም፤ የጠየቁት ጥያቄ ግን የሳሪስ ሰው የሚጠይቀውን ነው።

መምህርት፦ ሳዑዲ ዓረቢያ በ2017 ስፖርት ነው ብላ ፈቅዳዋለች። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኤንሲኒታስ በምትባል ከተማ፣ ትምህርት ቤቶች ለልጆች ዮጋ ሲጀምሩ ወላጆች ከስሰው ነበር። ዳኛው በ2013 ዮጋ መነሻው ሃይማኖት ቢሆንም እዚህ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ግን ሃይማኖት አይደለም ብሎ ወሰነ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2015 አጸናው።

ጡረተኛ፦ ታሪኩን ሙሉውን ተናገሪው እንጂ። ገንዘቡን ማን ሰጠ? ጆይስ በሚባል ሕንዳዊ የዮጋ መምህር ስም የተቋቋመ ፋውንዴሽን ነው፤ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ። ወላጅ ሲጮህባቸው ደግሞ የሎተስ አበባ የሚባለውን አቀማመጥ የመዋዕለ ሕጻናት ስም አወጡለት። አቀማመጡ ያው፣ ስሙ ሌላ። ተጨንቀው ያደረጉት ነገር ነው ቢባልም ለኔ ድብብቆሽ ነው። አላባማ የተሻለች መሰለችኝ፤ በ1993 የከለከለችውን በ2021 ስትፈቅድ ወላጅ ይፈርም አለች።

መምህርት፦ ጆይስን ካነሡ እንግዲህ ወደ ኋላ እንከተለው። ጆይስ የክሪሽናማቻሪያ ተማሪ ነበር። ክሪሽናማቻሪያ በ1930ዎቹ በማይሶር ቤተ መንግሥት ለወጣት ወንዶች ነበር የሚያስተምረው። ማርክ ሲንግልተን የሚባል ተመራማሪ በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዛሬ ዮጋ የምንለው እንቅስቃሴ ብዙው ያን ጊዜ ከአውሮፓ ጂምናስቲክ ጋር ተደባልቆ የተሠራ ነው ብሎ ይከራከራል። ከአውሮፓ ማለት ከስዊድኑ ከሊንግ፤ በ1813 ስቶክሆልም ላይ የጂምናስቲክ ተቋም ከከፈተው። አሁን ወደኛ አገር ይምጡልኝ። በፈረንጅ 1946 የክብር ዘበኛ እጩ መኮንኖችን ሰውነት ማጎልመሻ ሊያስተምር ከስዊድን የመጣው ማን ነበር?

ጡረተኛ፦ ኦኒ ኒስካነን። የአበበ ቢቂላ አሠልጣኝ።

መምህርት፦ ይኸው ነው። ባንዲራ ፊት «ክንድ ወደ ጎን» ሲሉ ያደጉት እንቅስቃሴ የአያቶቻችን አይደለም፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ዛሬ የባዕድ ነው ብሎ የሚሸሸው የለም። የሕንዱና የኛው በሆነ ቦታ አንድ ዘመድ አላቸው።

ጡረተኛ፦ ዝምድናውን ጥሩ አድርገሽ ቆጠርሽ። እኔም ሒሳብ ያስተማሩኝ ሕንዶች ናቸው። ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም በፈረንጅ 1965 አዲስ አበባ ላይ ከኛዋ ጋር ጉባኤ የተቀመጠች እህት ናት። ፊዚክሱን፣ ኬሚስትሪውን ሰጡን። ስለ ዮጋ ትንፍሽ ያለ የለም።

መምህርት፦ ሐበሻ ሁሉ ማራቶን ይሮጣል እንዴ ጋሼ?

ጡረተኛ፦ አይሮጥም። ግን አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ዘመዳሞች ከሆኑ የስዊድኑን ለምን አታስተምሪም? ክስ የለበት፣ ሲኖዶስ አያወግዘው፣ ደብዳቤም አያስፈልገው።

መምህርት፦ እኛ ጋ የደረሰው ወታደራዊው ነዋ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ቁም፣ ዙር። ልጁ ውጭ የሚጮኸውን ድምፅ ነው የሚከተለው። ትንፋሹ የለበትም፣ ዝምታው የለበትም። እኔ የምፈልገው ልጁ ማንም ሳያዝዘው ወደ ራሱ መመለስ እንዲችል ነው።

ጡረተኛ፦ ወደ ራስ መመለስ! እዚህ ላይ ከስፖርት ወጣሽ። ካህንም ሼህም የሚሉትን ነው ያልሽው።

መምህርት፦ ይሁን። ልጆቹ ይኼን ቤታቸው ያውቁታል። በሰሙነ ሕማማት ከእናቶቻቸው ጋር ይሰግዳሉ፤ ሙስሊሞቹ ሶላት ላይ ግንባራቸውን መሬት ያስነካሉ። ሰውነትና መንፈስ አብረው እንደሚሄዱ እኔ አይደለሁም የማስተምራቸው።

ጡረተኛ፦ ፍርሃቴም የሚመጣው ከዚያው ነው። ሌላ አገር ሰው ወገቡን ቢያጥፍ ጀርባውን ሊያፍታታ ይሆናል። እኛ ዘንድ ወገብ ሲታጠፍ ለማን? ይባላል። ለታቦት ነው፣ ለአላህ ነው፣ ለታላቅ ነው፣ እንግዳ ለመቀበል ነው። ከታክሲ ውስጥ ሆኖ ደጀ ሰላሙን ሲያልፍ እንኳ የሚሳለም ሕዝብ ነው። እጅ ደረት ላይ ገጥሞ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ጎንበስ ማለትን ለሰባት ዓመት ልጅ «ይኼኛው ለማንም አይደለም» ብለሽ ልታስረጂው አትችዪም። ብትችዪ ደግሞ የባሰ ነው። ስግደት ባዶም ሊሆን እንደሚችል አስተማርሽው ማለት ነው።

መምህርት፦ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ የለኝም። ማድረግ የምችለው እጅ መግጠሙንና መጎንበሱን ማውጣት ነው። ዜማ የለም፣ የሳንስክሪት ቃል የለም፣ ሰላምታው የለም።

ጡረተኛ፦ ታወጫለሽ፣ ታወጫለሽ፤ መጨረሻ ላይ ምን ይቀርሻል?

መምህርት፦ ሊንግና አንድ ረጅም ትንፋሽ። እኔን ይበቃኛል።

ጡረተኛ፦ እንግዲያው ዮጋ አትበዪውና እንለያይ።

መምህርት፦ እንዲያ ካደረግኩ ቅድም ካሊፎርኒያን የወቀሱበትን ሠራሁ ማለት ነው። አቀማመጡ ያው፣ ስሙ ሌላ። ከዮጋ የወሰድኩትን ከዮጋ ወሰድኩ ብዬ እጽፋለሁ፤ ወላጅ ደስ ያላለው «አልፈልግም» ይበለኝ።

ጡረተኛ፦ እውነትሽን ነው። በግልጽ መጣላት ይሻላል። ግን አንቺን ባምን ከአንቺ በኋላ የሚመጣውን አላምንም። አንቺ የስፖርት መምህርት ነሽ፤ መገጣጠሚያ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ ተምረሻል። ተዛውረሽ ስትሄጂ በቦታሽ የሚገባው ስልኩን ከፍቶ ያየውን ሁሉ፣ እስከ ዜማው፣ እስከ ምላሱ ያመጣዋል። ሌላው ደግሞ እስከ ስልሳ ልጅ የታጨቀበት ክፍል እንዲያርፍለት ሲፈልግ እንደ ቅጣት ይጠቀምበታል። «ጨፍን! ተንፍስ!» ይላል። ያን ጊዜ ከማስመሪያው በምን ተለየ?

መምህርት፦ ይኼኛው ከሃይማኖቱ ይልቅ እኔን ያስፈራኛል። በጽሑፍ እናስረው፤ የተፈቀዱት ስምንት እንቅስቃሴዎች እነዚህ ናቸው፣ ከነሱ ውጭ አይጨመርም፣ በቅጣት መልክ አይሰጥም፣ ዓይኑን መጨፈን ያልፈለገ ልጅ አይገደድም ተብሎ።

እናት፦ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ እስከዚህ ሲነቀንቀን እኛ ኮንዶሚኒየም ላይ ነን። ሌሊት ነበር። ልጄ ከዚያ ወዲህ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ትነሣለች፤ እጄን ካልያዘች አትተኛም። ይኼ ነገር ያስረሳታል?

መምህርት፦ አያስረሳትም። ሲመጣባት ግን የምታደርገው ነገር ይኖራታል።

እናት፦ የምታደርገውንማ አስተምሬያታለሁ። በስመ አብ በዪ ብያታለሁ።

መምህርት፦ እሱንም ትበል። ቀስ ብላ እየተነፈሰች ትበለው።

ጡረተኛ፦ ያውልሽ! ጸሎቷ ውስጥ ገባሽ። አጠገቧ የተቀመጠችዋ ቢስሚላህ ስትልም እንዲህ ልትያት ነው?

መምህርት፦ አልልም። ይኼም ይጻፍ፤ መምህር በልጁ ጸሎት ላይ ቃል አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ጡረተኛ፦ ሕጉም የሚለው ወደዚያው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል፤ አንቀጽ 27 ደግሞ ወላጅ ልጁን በእምነቱ የማሳደግ መብት አለው ይላል። የዮጋ አገር የሚባለው ሕንድ ራሱ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፈረንጅ 2017 ዮጋ በትምህርት ቤቶች ግዴታ ይሁን የሚለውን አቤቱታ አልተቀበለም። እነሱ ግዴታ ያላደረጉትን እኛ ልናደርገው አይደለም።

መምህርት፦ ግዴታ ይሁን አላልኩም።

ጡረተኛ፦ ክፍል ውስጥ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ነገር ሳትዪውም ግዴታ ይሆናል። ስለዚህ የኔ ድምፅ ይኸውልሽ። መጀመሪያ የሰውነት ማጎልመሻውን ክፍለ ጊዜ ሒሳብ እንዳይነካው ርእሰ መምህሩ ቃለ ጉባኤ ላይ ያስፍሩ፤ ያ ካልተያዘ ስለ ዮጋ አልነጋገርም። ከተያዘ አንድ ክፍል ብቻ፣ አንድ መንፈቅ፣ ስሙ ሳይደበቅ ይሞከር። ወላጁ ያልፈለገ ልጅ ሜዳ ወጥቶ ሱዚ ይዝለል።

መምህርት፦ ሱዚ ካለማ ሁሉም እዚያ ይሄዳሉ!

ጡረተኛ፦ ይሂዱ። እሱም መልስ ነው፤ ያውም ከእንግሊዞቹ ጥናት ፈጥኖ የሚደርስ።

መምህርት፦ ተስማማሁ። ለወላጆች አንድ ገጽ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ከታች ፊርማ ያለበት።

እናት፦ ደብዳቤውማ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል። ደርሶን ብናነበውም «በአንድ እግር መቆም» ከሚለው ምን ይገባናል? እኛ ከፋብሪካ የምንወጣው ማታ ነው፣ በሥራ ቀን ስብሰባ ብትጠሩን የሚመጣው ሥራ የሌለው ብቻ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጥሩን። ስምንቱንም እንቅስቃሴ ልጆቹን አቁማችሁ ፊታችን አሠሩልን። አይተን የምንፈርመው እንፈርማለን፣ የማንፈርመውም እዚያው እንነግራችኋለን።